ዘጠኝ ጊዜ የተጻፈው ምዕራፍ አንድ

የዛሬው ደብዳቤ ከመንዝ የመጣ ነው። ጸሐፊዋ የግብርና ልማት ሠራተኛ ናት። 27 ዓመቷ ነው። ስሟና ቀበሌዋ እንዳይወጣ ጠይቃለች። ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ፤ ቃሉ ግን የራሷ ነው።

«ጋሼ፣ ከመስከረም ጀምሮ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። በቀን 3 ገጽ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ማታ ከመስክ ስመለስ ቢደክመኝም እጽፋለሁ። 4 ደብተር ሞልቻለሁ፤ ግን እስከ አሁን ምዕራፍ አንድ ላይ ነኝ። 9 ጊዜ እንደ አዲስ ጀምሬዋለሁ። ጥር ላይ የተፋሰስ ሥራ ሲጀመር 11 ቀን ሳልጽፍ ቀረሁ፤ ከዚያ በኋላ ደብተሩን መክፈት ራሱ አስፈራኝ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ አንብባ ‹አሪፍ ነው› አለችኝ፤ ሌላ ምንም አላለችም። አንድ የማከብረው ሰው ደግሞ ‹ድርሰት ከእናት ማኅፀን ይዘውት የሚወጡት ነው እንጂ በልፋት አይመጣም› አለኝ። እውነት ነው? ይኼን ሙያ ሰው ይማረዋል? እየተሻሻልኩ መሆኔንስ በምን አውቃለሁ? ታሪኩን አዲስ አበባ ላይ ነው ያደረግኩት፤ እዚህ ምን የሚጻፍ ነገር አለ ብዬ። አዲስ አበባን ግን የማውቃት ሁለት ጊዜ ሄጄ ነው።

«ደግሞ ይኼ ከጥያቄዬ ጋር አይገናኝም፣ ግን ልንገርዎት። እዚህ አንድ እናት አሉ። ልጃቸው ዓረብ አገር ናት። ስለ ዘር ላነጋግራቸው በሄድኩ ቁጥር ስልካቸውን አውጥተው ‹እስቲ እዪልኝ ልጄ፣ ደውላ ነበር?› ይሉኛል። አልደወለችም። እኔ ግን ‹ኔትወርክ የለም እኮ እማማ› እላቸዋለሁ። ‹እኔስ ምን አልኩ! ኔትወርኩ ነው እንጂ እሷማ ትደውላለች› ይሉና ቆሎ ያቀርቡልኛል። ቆሎው አልዋጥ ይለኛል።»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ከጥያቄዬ ጋር አይገናኝም ያልሽው ነገር ከጥያቄዎችሽ ሁሉ ጋር ይገናኛል። እዚያ ቦታ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ አብረሽ የላክሽልኝን ምዕራፍ አንድ ከፈትኩ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሁለቱን የጻፈችው አንዲት ሴት መሆኗን ለማመን ቸገረኝ። ወደዚህ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ያ የምታከብሪው ሰው የጫነብሽን ሸክም እናውርደው፤ እሱን ተሸክመሽ መጻፍ አትችዪም።

ተሰጥኦ የሚባል ነገር የለም ብዬ አልከራከርም። አለ። ግን የቃል ጥበብ ቁጭ ብለው የሚማሩት ሙያ መሆኑን አገራችን ከጥንት ጀምሮ ታውቃለች። ቅኔ ቤትን አስቢው። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት መወድስ የሚባለውን ረጅም ቅኔ አይሞክርም። የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ 2 ቤት፣ ማለትም 2 መስመር፣ ብቻ ናት። እሷ ስትቀናለት 3 ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ ይሄዳል። ከዚያ ዋዜማ አለ፣ 5 ቤት። ሥላሴ አለ፣ 6 ቤት። እንዲህ እያለ 8 ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ቀኑን ሙሉ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያዘጋጅ፣ ይውላል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል። ጓደኞቹም ይሰማሉ። መምህሩ ያርመዋል፣ አንዳንዴም ከሥሩ ይነቅልበታል። ተማሪው በነጋታው ሌላ ይቆጥራል። ትናንት የተበላሸችውን ይዞ ዓመቱን ሙሉ ሲያሻሽል አይኖርም።

እዚህ ውስጥ ለጥያቄሽ የሚሆን ብዙ መልስ አለ። ተማሪው በትንሹ ይጀምራል፤ ትንሿን ግን ይጨርሳታል። የጨረሳትን ለሌላ ሰው ጆሮ ይሰጣል። ስህተቱን ይሰማል፤ ነገ ሌላ ይሠራል። አንቺ ግን በመወድስ ጀመርሽ። በዚያ ላይ ለብቻሽ፣ መምህርም ጓደኛም ሳይኖርሽ።

ምዕራፍ አንድን 9 ጊዜ የጻፍሽው ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም። የረጅም ልብ ወለድ መጨረሻው ከዓይን የራቀ ነው፤ የሚታይሽ መጀመሪያው ብቻ ስለሆነ እሱኑ ስትነካኪ ትኖሪያለሽ። መጨረስ ደግሞ ለብቻው የሚለመድ ሙያ ነው። መጀመርን 9 ጊዜ ተለማምደሻል፣ እርግጠኛ ነኝ ጎበዝ ጀማሪ ሆነሻል። መጨረስን ግን አንድም ቀን አልተለማመድሽም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይኼ ነው፦ የጀመርሽውን ልብ ወለድ፣ የሳራን ታሪክ፣ አሁን ዝጊው። አትቅደጂው፣ አታቃጥዪው፣ ዝጊው ብቻ። አንቺ ባለሽበት አገር ጓሳ የሚባለው የሣር ምድር እንዴት እንደሚጠበቅ ከእኔ የበለጠ ታውቂያለሽ። ይዘጋል፤ ለዓመታት ማንም አያጭድበትም፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል። ለዓመታት ዝጊው አልልሽም፤ እስከ ክረምት ግን ይቀመጥ። በዚህ መሀል 5 ወይም 6 ገጽ የሚሆን አጭር ልብ ወለድ ጽፈሽ ጨርሺ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። በ6 ገጽ ታሪክ ውስጥ ከመግቢያው ላይ ቆመሽ መውጫው ይታይሻል።

አሁን ወደ 3 ገጽሽ እንምጣ።

በየቀኑ መጻፍ ጥሩ ነው፣ እኔም አምንበታለሁ። ግን 3 ገጽ ያንቺ ቁጥር አይደለም። ከጠዋት እስከ ማታ ጠረጴዛ ላይ ለሚውል ሰው ሊሆን ይችላል። አንቺ ከመንደር መንደር በእግርሽ ስትዞሪ ውለሽ፣ ማታ ሪፖርት ሞልተሽ፣ መብራት ካለ ራትሽን ሠርተሽ፣ ከዚያ 3 ገጽ። ምን ያህል ድካም እንደሆነ አስቢው እስቲ። ደክሞሽ የምትጽፊው ነገር ደግሞ የደከመ ነው የሚሆነው፤ የተሰለቸ ቃል ነው ቶሎ የሚመጣው። ማለዳ ተነሽ እንዳልልሽ እኔም ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ጣት ብዕር እንደማይጨብጥ አውቃለሁ። እናንተ ጋ ደግሞ ይብሳል።

ግን አንድ ትልቅ ሀብት አለሽ፣ መንገድሽ። ለብቻሽ በእግርሽ የምትሄጂበት ያ ሁሉ ሰዓት የመጻፊያ ሰዓት ነው። ስትነሺ አንድ ጥያቄ ይዘሽ ውጪ፤ አንድ ብቻ። «እማማ ስልኩን ሲሰጡኝ እጃቸው ምን ይመስላል?» ብለሽ ውጪ። መንገድ ላይ አላምጪው። ስትደርሺ፣ ሰው እስኪሰበሰብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ በምትጠብቂበት ሰዓት፣ በኪስ ደብተር 5 መስመር ጻፊ። ማታ ሲደላሽ ያን 5 መስመር ግማሽ ገጽ አድርጊው። ካልደላሽ 5ቱ መስመር ይበቃል፤ ቀኑ አልባከነም። ማታ ብዕርሽን ስታስቀምጪ ደግሞ ሐሳቡን ሙጥጥ አድርገሽ አትጨርሺው። ቀጥሎ የሚመጣውን እያወቅሽ፣ አረፍተ ነገሩ መሀል ላይ እንኳን ቢሆን፣ እዚያው ተይው። በነጋታው ባዶ ገጽ አይጠብቅሽም፤ ያቋረጥሽው ወሬ ነው የሚጠብቅሽ።

ያመለጡሽ 11 ቀናትስ? በልግ የቀረበትን ገበሬ ምን ትዪዋለሽ? ማሳህን ለመኸር አዘጋጅ ትዪዋለሽ እንጂ እርሻውን እርግፍ አድርገህ ተው አትዪውም። አንቺ ግን ለራስሽ እንዲህ አላልሽም። እንደማስበው 11 በ3 ሲባዛ 33 ብለሽ የ33 ገጽ ዕዳ በራስሽ ላይ ጽፈሻል፤ ደብተሩን መክፈት ያስፈራሽም እሱ ነው። ዕዳ የለብሽም። ያለፈ ቀን ገጽ አይከፈልም። ነገ 5 መስመር ጻፊ፣ በቃ።

አሁን ከምዕራፍ አንድ የተወሰነ ቦታ ልጥቀስ። የምጠቅሰው ላሳፍርሽ አይደለም፤ ብዙ አንባቢዎች የሚጽፉልኝ ድርሰት ላይ የማየው ነገር ስለሆነ ሁላችንንም ይጠቅማል ብዬ ነው።

«ሳራ በከፍተኛ ሐዘን ተውጣ በውዱ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሕይወት ለምን እንደጨከነችባት በጥልቀት ታሰላስል ነበር። አባቷ በንግዱ ዘርፍ አመርቂ ውጤት ያስመዘገበ ሰው ነበር። ይሁን እንጂ በአባትና በልጅ መካከል ከፍተኛ የአመለካከት ክፍተት ይስተዋል ነበር።»

ጮክ ብለሽ አንብቢው። የማን ድምፅ ነው? ያንቺ አይደለም። የሪፖርት ድምፅ ነው። «አመርቂ ውጤት»፣ «በንግዱ ዘርፍ»፣ «ክፍተት ይስተዋላል»፤ ቀን ቀን ስትሞዪው የምትውዪው ቅጽ ማታ ደብተርሽ ውስጥ ገብቷል። ግንዛቤ ተፈጠረ፣ ሥራው ተከናወነ፣ ችግሩ ተቀረፈ ይባላል። ማን ፈጠረ? ማን ሠራ? እጁ ላይ ምን ነበር? ሪፖርት ይኼን አይጠይቅም፤ ሰው የሌለበት ጽሑፍ ነው። ልብ ወለድ ደግሞ ያለ ሰው አይቆምም። ደብተርሽን ክፈቺና ሪፖርት ላይ ልታገኚው የምትችዪውን ቃል ሁሉ በቀይ አስምሪበት። ስታስተካክዪ የምትተኪው ቃል ሩቅ አይደለም፤ አማርኛ ለዚህ ሀብታም ነው። «በከፍተኛ ሐዘን ተውጣ» ከማለት «ትክዝ አለች» በቂ ነው። ቀና አለ፣ ክፍት አላት፣ እፍር አሉ፣ ድንግጥ አለ፤ እነዚህ ቃላት ሰውነት አላቸው፤ ስታነቢያቸው የሰውየው ትከሻ ሲንቀሳቀስ ይታይሻል።

ሌላው «ነበር» ነው። 4 አረፍተ ነገር፣ 4 «ነበር»። የእኛ ቋንቋ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ አንባቢ አረፍተ ነገሩ ባለቀ ቁጥር ያንኑ ድምፅ ይሰማል። እንደ በር ነው፣ ድው፣ ድው፣ ድው። እኔ ራሴ የዳንኩበትን ልምምድ ልስጥሽ። ከምትወጂው ደራሲ አንድ ገጽ ምረጪ። የእያንዳንዱን አረፍተ ነገር የመጨረሻ ቃል ብቻ ወደ ታች እየደረደርሽ ገልብጪ። ከዚያ ከራስሽ ጽሑፍ አንድ ገጽ ወስደሽ እንዲሁ አድርጊ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጪ። ማንም ሳይነግርሽ ልዩነቱን ታዪዋለሽ።

መድኃኒቱም እዚያው ቋንቋው ውስጥ አለ። አማርኛ ድርጊትን እንደ ዶቃ በአንድ ክር ይሰካል። ለምሳሌ እንዲህ ብትዪ፦ «ምጣዱን ከእሳቱ አውርደው፣ ቆሎውን በሰፌድ አርገብግበው፣ የከረረውን እየለቀሙ ጥለው፣ እፍኝ ሙሉ ዘግነው ዘረጉልኝ። አልበላሁም።» የመጀመሪያው ረጅም ነው፤ እናትየው ሲለፉ ያሳያል፤ ጊዜም ይወስዳል። ሁለተኛው አንድ ቃል ነው። የጥፋተኝነቱን ነገር አንዴም ሳትጠሪው አንባቢው ጉሮሮው ላይ ይሰማዋል። እንዲህ ዓይነቱን ረጅምና አጭር መቀያየር በየቀኑ በአንድ አረፍተ ነገር ብትለማመጂ በ2 ወር ውስጥ ጽሑፍሽ ሌላ ድምፅ ያወጣል።

አሁን ወደ እናትየው ልመለስ፤ እውነቱን ለመናገር ይህን መልስ የጻፍኩት ለዚህ ቦታ ብዬ ነው።

አጭር ልብ ወለድሽ እሱ ነው። እጅሽ ላይ ይዘሽው ሌላ ስትፈልጊ ከርመሻል። ሰው አለ፣ የሚፈልገው ነገር አለ፣ የሚከለክለው ነገር አለ፣ ውሸት አለ። ከሁሉ በላይ ውሸቱ የክፋት አይደለም፤ የርኅራኄ ነው። አንቺ የምትዋሺው ወደሽ ነው ወይስ ቶሎ ለመሄድ? ራስሽን ጠይቂ፤ መልሱ ምናልባት ሁለቱም ነው፤ ሁለቱም ከሆነ ታሪኩ ይበልጥ ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ቀን ውሸት ስጦታ ነበር። በ5ኛው ቀን ዕዳ ሆኗል። በ10ኛው ቀን ደግሞ እውነቱን ልናገር ብትዪ እንኳን ያለፈውን 9 ውሸት አብረሽ መናገር አለብሽ።

ከዚያ አንድ ነገር መለወጥ አለበት። ሁሌም ሄድኩ፣ ሁሌም ዋሸሁ ብቻ ከሆነ ትዝታ ነው፤ ታሪክ የሚሆነው አንድ ቀን ከሌሎቹ ቀኖች ሲለይ ነው። ለምሳሌ 4ኛ ክፍል የሚማር የጎረቤት ልጅ አለ እንበል፤ ስልክ ማየት ይችላል። አንቺ «ኔትወርክ የለም» ስትዪ እሱ እዚያው ተቀምጧል። ምን ያደርጋል? ወይም ደግሞ፣ ይኼ እኔን ብዙ ያሳሰበኝ ነው፣ እናትየው ቢያውቁስ? ልጅቷ እንዳልደወለች ድሮ ገብቷቸው ከሆነስ? ያኔ በየጊዜው የሚጠይቁሽ ጥሪውን ሳይሆን ውሸቱን ነው። አንድ ሰው ብቻ እንኳን «ኔትወርኩ ነው» እንዲላቸው ነው። የትኛው እንደሚሆን እኔ አልወስንልሽም፤ ታሪኩ ያንቺ ነው። ግን ከመጻፍሽ በፊት መንገድሽ ላይ 3 ቀን አመላልሺው።

አንድ መሣሪያ ደግሞ ልጠቁምሽ። በደብዳቤሽ ላይ እሳቸው «ልጄ» እና «አንቺ» ይሉሻል፣ አንቺ «እማማ» እና «እርስዎ» ትያቸዋለሽ። ቅርበታችሁ በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ። እንግዲህ ነገሩ የታወቀበት ቀን እናትየው በር ላይ ቆመው «እርስዎ የመንግሥት ሰው ነዎት፣ እኔ ምን አውቃለሁ» ቢሉሽስ? «አንቺ» ወደ «እርስዎ» ሲለወጥ አከበሩሽ ማለት አይደለም፤ በሩን ዘጉብሽ ማለት ነው። የትኛውም አማርኛ ተናጋሪ ይኼን ሲያነብ ይቀዘቅዛል። «አዘኑብኝ»፣ «ተቀየሙኝ» የሚል ቃል አያስፈልግሽም። ሳራና አባቷ ምን ብለው እንደሚጠራሩ ምዕራፍ አንድ ላይ ብፈልግ አጣሁት፤ አንድም ቀን አይነጋገሩም።

ሴትየዋን ግን አደራ። እውነተኛ ሰው ናቸው፤ አምነውሽ ነው ስልካቸውን የሰጡሽ። ታሪኩ ውስጥ ማንም እንዳይለያቸው አድርጊ። ልጅቷን ወንድ ልጅ አድርጊው፣ ዓረብ አገሩን ሌላ አገር አድርጊው፣ ቤቱን ሌላ ሸንተረር ላይ ሥሪው፣ የሚያቀርቡልሽንም ለውጪ። ስሜቱን ብቻ ያዢ። ይኼን ስታደርጊ ደግሞ ታሪኩ ከትዝታ ወጥቶ ልብ ወለድ ይሆናል፤ የማታውቂውን ለመሙላት ስለምትገደጂ።

እዚህ ምን የሚጻፍ ነገር አለ ብለሻል። እህቴ፣ አንቺ ወደ መንዝ የምትታጠፊበት ጣርማ በር ላይ ሳይታጠፉ ቁልቁል ቢወርዱ ደብረ ሲና ነው። ደራሲው ዳኛቸው ወርቁ እዚያ ነው የተወለደው። «አደፍርስ» የተባለውን ልብ ወለዱን በ1962 ዓ.ም. ሲያሳትም ታሪኩን የተከለው እዚሁ ሸዋ ገጠር ነው፤ የሰዉን አነጋገር፣ ተረትና ምሳሌውን፣ ክርክሩን ሳይቀር ይዞት ገባ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም የመርሐ ቤቴ ልጅ ናቸው፤ የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ዳዴ ሲል ከጻፉት አንዱ ናቸው። አዲስ አበባን አትጻፊ እያልኩሽ አይደለም። ግን ሳራ ሶፋ ላይ ከመቀመጥ ሌላ ምንም ያላደረገችው ያ ቤት ምን እንደሚሸት፣ ጠዋት ማን ቀድሞ እንደሚነሳ፣ በሩ ሲከፈት ምን ድምፅ እንዳለው ስለማታውቂ ነው። የመንዝ ቤት ውስጥ ግን የኩበቱ ጭስ ዓይን ሲያቃጥል፣ ባናው፣ ያ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ሲከብድ፣ ሴቶቹ እያወሩ የበግ ጠጉር ሲፈትሉ ታውቂዋለሽ።

ስለ ሙያው በአማርኛ ማንበብ ከፈለግሽ ዳኛቸው ራሱ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» የሚል መጽሐፍ ጽፏል፤ የዘሪሁን አስፋው «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን» ደግሞ ሴራ፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት (የታሪኩ ጊዜና ቦታ)፣ አንጻር (ታሪኩ በማን ዓይን እንደሚተረክ) የሚባሉትን ከሥር ከመሠረቱ ያስረዳሻል። ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ስታገኚ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ዘንድ እንዲፈልግልሽ ላኪ። ግን አደራ፣ መመሪያ ማንበብ መጻፍን እንዳይተካ። አንድ ምዕራፍ ካነበብሽ ያንኑ ቀን በራስሽ 10 መስመር ሞክሪው።

አብራሽ ስለምትኖረው ልጅ። «አሪፍ ነው» ያለችው ስለምትወድሽ ነው፤ አትቀየሚያት። ጥያቄሽን ግን ቀይሪው። እንዴት ነው አትበያት። ወረቀቱን ስጫትና እሷ ጮክ ብላ ታንብብልሽ፣ አንቺ ዝም ብለሽ አዳምጪ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ «አለ» የሚለው ተናገረ ይሁን ኖረ፣ «ገና» የሚለው በዓሉ ይሁን ያልደረሰ ነገር፣ አንቺ ስለጻፍሽው ታውቂዋለሽ፣ እሷ ግን ትሳሳታለች። የተደናቀፈችበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጊ። ድምፅዋ የሰለቸበትንም። ሳትጠየቅ ቀና ብላ ያየችሽንም። ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂያት፤ «ሴትየዋ ለምን እንዲህ ያደረጉ ይመስልሻል?» የምትመልስልሽ መልስ አንቺ ካሰብሽው ጋር የማይገናኝ ከሆነ ጽሑፉ ላይ አንድ ነገር ጎድሏል። ይኼው ቅኔ ቤትሽ፤ ሁለት ሰው ይበቃል።

መሻሻሌን በምን አውቃለሁ ላልሽው፣ በገጽ ብዛት አታውቂውም። 4ቱን ደብተሮች አስቀምጪያቸው። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ መስክ ሲከለክልሽ፣ የመጀመሪያውን ክፈቺ። ካፈርሽበት ደስ ይበልሽ። ግን ማፈር ብቻ አይበቃም፤ ጣትሽን አረፍተ ነገሩ ላይ አድርገሽ «ይኼ የተበላሸው በዚህ ምክንያት ነው» ማለት ከቻልሽ፣ ደብተሩን የሞላሽው ቀን ያልነበረሽ ዓይን አሁን አለሽ ማለት ነው። ሌላው መለኪያ የጨረስሻቸው ታሪኮች ቁጥር ነው። በዓመት 6 አጭር ልብ ወለድ የጨረሰች ሴት፣ 4ቱ ደካማ ቢሆኑ እንኳን፣ 6 መጨረሻ ጽፋለች። ክረምት ሲገባ ሳራን መክፈት ትችያለሽ። ያኔም ከወደድሻት።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ይኼ ከደረሰብኝ ተነስቼ የምነግርሽ ነው። ወጣት ሳለሁ 214 ገጽ የእጅ ጽሑፍ፣ ያለ ቅጂ፣ ለታይፕ ሰጠሁ። ሰውየው ቦታ ቀየረ፤ ወረቀቴ ጠፋ። ለወራት ፈለግኩ፣ አጣሁት። ከዚያ 2 ዓመት አንድ መስመር አልጻፍኩም። ዛሬ የሚቆጨኝ ወረቀቱ አይደለም፣ ብዙው የማይረባ ነበር፤ የሚቆጨኝ ያ 2 ዓመት ነው። ስለዚህ ማታ ማታ ደብተርሽን ስትዘጊ የዕለቱን ገጽ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ ኔትወርክ ያገኘሽ ቀን ለምታምኚው ሰው ላኪው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ማሳተም የሚባለውን ለአሁኑ አታስቢው፤ እሱ የሌላ ቀን ወሬ ነው። የእማማን ታሪክ ጨርሺና ላኪልኝ። አነባለሁ፣ በቀይም አሰምርበታለሁ። እስከዚያው ግን አንድ ነገር ደብዳቤሽ ላይ ስላላገኘሁት ልጠይቅሽ፤ ነገ መንገድ ስትወጪ ይዘሽው ውጪ። ስልኩን የሚያወጡት ከየት ነው? ከመቀነታቸው ነው፣ ከትራሳቸው ሥር ነው ወይስ አንቺ ከመድረስሽ በፊት እጃቸው ላይ ይዘውት ነው የሚጠብቁሽ?